በሚወዱን ሰዎች ፊት ራስን ሆኖ መቆም

ራስን ሆኖ ስለ መኖር ሲነሳ ብዙዎቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ከክፉ ሰዎች ጋር የሚደረግ ትግል ነው፤ የሚያሳንስ አለቃ፣ የሚያፌዝ ባልንጀራ፣ በሐሜት የሚያሳድድ ጎረቤት። እኔ ግን በራሴም ሆነ በቅርብ በማውቃቸው ሰዎች ሕይወት ካየሁት ጫና ሁሉ የከበደው ከእነዚህ ከአንዳቸውም የመጣ አልነበረም። የከበደው የሚወዱን ሰዎች የሚያሳድሩብን ነው። የሚጠላን ሰው የፈለገውን አለመሆን ብዙም አያስጨንቅም። ከአፏ ነጥቃ ያስተማረች እናት፣ ስማችንን በኩራት የሚጠራ ወንድም፣ ከክፍሉ ሁሉ መርጦ ተስፋውን በእኛ ላይ የጣለ መምህር የተመኙልንን አለመሆን ግን ውለታ ቢስነት ሆኖ ይሰማናል፤ ስለዚህም ሙግቱን ገና ሳንጀምረው እንረታለን።

ይህን ስል ሰዎች ከእኛ አንድ ነገር መጠበቃቸው በራሱ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ማንም ምንም የማይጠብቅበት ሰው ነጻ የወጣ ሳይሆን የተተወ ሰው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝና «አንተ ይህን ትችላለህ» የሚል አንድ ቃል ለስንፍና እጁን ሊሰጥ የነበረን ተማሪ እንዴት እንደሚያነሳው በየጊዜው አያለሁ። የሚያሳስበኝ የተጠበቀው ነገር የፍቅር መክፈያ የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ ማለትም «ይህን ከሆንክ እንወድሃለን፣ ካልሆንክ ግን አሳፍረኸናል» የሚል፣ ማንም በቃል የማይናገረው ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ውል በመካከል ሲገባ።

ካርል ሮጀርስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ይህንኑ ጉዳይ በሰፊው አንስቶታል። አንድ ልጅ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚቀበሉት የተወሰነ ነገር ሲያደርግ ብቻ መሆኑን ከተረዳ፣ ያን ቅድመ ሁኔታ ቀስ በቀስ የራሱ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ባያየውም እንኳ ራሱን በዚያው መስፈርት ይለካል፣ ከመስፈርቱ ጋር የማይስማማውን ስሜቱንም እንዳልተሰማው አድርጎ ያልፈዋል። የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ ትእዛዝ መሆኑ ስለሚታወቅ ልንታዘዘውም ልንቃወመውም እንችላለን፤ ከውስጥ የሚመጣው ግን በገዛ ድምፃችን ስለሚናገር የራሳችን ፍላጎት ይመስለናል። አርባ ዓመት ሞልቶት «ይህን ሙያ የመረጥኩት እኔ ነኝ ወይስ አባቴ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን መመለስ የሚያቅተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱ ድምፆች ለረጅም ጊዜ አብረው ስለኖሩ መለያየታቸው ራሱ ትልቅ ሥራ ስለሚጠይቅ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አቪ አሶር፣ ጋይ ሮትና ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ይህ ውል ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል። ወላጆቻቸው ፍቅራቸውን በውጤት ወይም በጠባይ እየለኩ ይሰጡ እንደነበር የተናገሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጠበቀባቸውን ነገር በእርግጥ ያደርጉ ነበር። ይህን አለመካድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ «ይሠራል»፣ ለዚህም ነው ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት። ነገር ግን ተማሪዎቹ የሚያደርጉት ከውስጥ በሚገፋ ግዴታ ነበር፤ ሲሳካላቸው የሚሰማቸው እርካታ አጭር ነበር፤ በወላጆቻቸውም ላይ ያደረ ቅሬታ ነበራቸው። ልጁ ታዘዘ፣ ወላጁም የፈለገውን አገኘ፣ በመካከላቸው ግን የሻከረ ነገር ቀረ። እኔ ለራስ ታማኝ መሆን ለሚወዱን ሰዎችም ይጠቅማል ብዬ የማምነው ከዚህ ተነስቼ ነው፤ ቅሬታ ያደረበት ታዛዥነት ውሎ አድሮ ዝምድናውን ራሱን ይበላዋልና።

የሰው ፊት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ግን የሥጋ ዝምድና እንኳ አያስፈልግም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ዝነኛ ሙከራ ላይ የቀረበው ጥያቄ ሕፃን ልጅ የሚመልሰው ነበር፤ በአንድ ካርድ ላይ አንድ መስመር፣ በሌላው ላይ ሦስት መስመሮች ይታያሉ፤ ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው? በክፍሉ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል እውነተኛው ተሳታፊ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሌሎቹ ከተመራማሪው ጋር አስቀድመው ተስማምተው ከ18ቱ ዙሮች በ12ቱ በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር። ሰዎች ለብቻቸው ሲጠየቁ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ በማይሳሳቱበት ጥያቄ፣ ብዙኃኑ ሲሳሳት የሰሙት ተሳታፊዎች ከመልሶቻቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ፤ ከአራት ሰዎች ሦስቱ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የሰሙትን ተናገሩ። እነዚያ ሰዎች እንደ ወላጅና ልጅ በውለታ የተሳሰሩ አልነበሩም። በመስመር ርዝመት ጉዳይ፣ ውለታ በሌለባቸው ሰዎች ፊት ይህ ከሆነ፣ በሕይወት ምርጫ ጉዳይ፣ ባሳደጉን ሰዎች ፊት የምናሳየውን ድካም በስም እየጠሩ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ይሉኝታ ያሸነፈው ሰው ሁሉ ፈሪ አይደለም።

ከዚህ ሙከራ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግን አሽ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ከተስማሙት ሰዎች መካከል አንዱ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ባደረገ ጊዜ የብዙኃኑ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ! ያ ሰው ከብዙኃኑ የተለየ ሆኖ እርሱም የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ ተሳታፊው ለብዙኃኑ መንበርከኩ ቀነሰ፤ ምክንያቱም አስጨናቂው ነገር የሌሎቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን አንድነታቸው ነበር። ደጋፊው በመካከል ሐሳቡን ቀይሮ ከብዙኃኑ ጋር ሲቆም ተሳታፊው ወዲያው ወደ ቀድሞው ስሕተት ይመለስ ነበር፤ ምክንያት ኖሮት ክፍሉን ለቆ ሲወጣ ግን ያሳደረው ብርታት በከፊል ከተሳታፊው ጋር ይቆይ ነበር። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፤ ራስን ስለ መሆን ከተነገሩኝ ምክሮች ሁሉ ይልቅ ይህ ግኝት ጠቅሞኛል።

ይሁን እንጂ ከመቆም በፊት የሚቆሙለትን ማወቅ ይቀድማል፤ «እኔ እንዲህ ነኝ» የሚለው ቃል ግትርነትን፣ ስንፍናንም ለመሸፈን ይመቻልና። የራሴን ፍላጎት ከተተከለብኝ ለመለየት የረዳኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶሪ ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረበው ሐሳብ ነው። በእርሱ አገላለጽ ሰው ራሱን ልሆን እመኛለሁ ከሚለው ሰው ጋርም፣ ልሆን ይገባኛል ከሚለው ሰው ጋርም ያነጻጽራል፤ ከሁለቱ ሲርቅ የሚሰማው ግን አንድ አይደለም። ከምኞቱ የራቀ ሰው ያዝናል፣ ቅስሙ ይሰበራል፤ ከግዴታው የራቀ ሰው ደግሞ ይፈራል፣ ይረበሻል፣ ቅጣት የሚመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ አንድን መንገድ ልተው ሳስብ የሚሰማኝ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የምወደውን ነገር የማጣት ሐዘን ነው ወይስ «ምን ይሉኛል» የሚል ፍርሃት? መለኪያው ፍጹም አይደለም፤ ምኞታችንም ከሌላ ሰው የተቀዳ ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃታችንም አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛውን ግዴታ ያስታውሰናል። ሆኖም ሐዘንና ፍርሃት ሲለያዩ ብዙ ነገር ይጠራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ትምህርት ቤት በምክትል ርእሰ መምህርትነት እንዳገለግል ጠየቀኝ። ዜናው ከእኔ ቀድሞ ቤተሰቤ ዘንድ ደረሰ፤ ገና መልስ ሳልሰጥ የደስታ መግለጫ ይደርሰኝ ጀመር። እምቢ ማለትን ሳስብ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር፤ እናቴን ምን እላታለሁ፣ በእኔ ስም ቃል የሰጠው ወንድሜ ምን ይሰማዋል። ክፍል ውስጥ መቆሙን መተውን ሳስብ ግን የተሰማኝ ሐዘን ነበር፤ አንድ ተማሪ ለረጅም ጊዜ ሲታገለው የቆየው የሒሳብ ማረጋገጫ በድንገት ሲገባው ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ለስብሰባና ለሪፖርት መለወጥ አልቻልኩም። አስተዳደር ክቡር ሥራ ነው፤ በደንብ የሚሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። የእኔ ሥራ ግን አልነበረም። አልቀበልም አልኩ።

እናቴ በጣም አዘነች። «ልጄ፣ የምልሽ ለክፉ ብዬ አይደለም፤ ሰው ወደ ላይ ሲሄድ አንቺ ለምን እዚያው ትቀሪያለሽ?» አለችኝ። «እማዬ፣ እዚያው የቀረሁት አቅቶኝ አይደለም፤ ስለምወደው ነው» አልኳት። «መውደድ ዳቦ ይሆናል?» ብላ ዝም አለች። ይህ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ በዋዛ ላልፈው አልቻልኩም። ከፍ ባለው ደመወዝ ልረዳቸው የምችላቸው ታናናሾች ነበሩኝ፤ የእኔ ውሳኔ ዋጋ በከፊል በእነርሱ ላይ እንደሚያርፍ አውቅ ነበር። ራስን ስለ መሆን የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ያልፉታል፤ ውሳኔው የአንድ ሰው እንደሆነ፣ ዋጋውንም የሚከፍለው እርሱ ብቻ እንደሆነ አድርገው ያቀርቡታል። እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ለእናቴ ተሳስተሻል አላልኳትም። የምንከፍለውን ነገር አንድ በአንድ አብረን አነሳን፤ በትርፍ ሰዓት በማስጠናት የምችለውን ያህል እንደምሸፍን፣ ሁሉንም ግን መሸፈን እንደማልችል ነገርኳት። አልተስማማችም። ነገር ግን ውሳኔዬ እርሷን ከመናቅ እንዳልመጣ አየች፤ ለጊዜው የምፈልገውም ይህንን ነበር።

በዙሪያችን የነበረው የሌላው ሰው ወሬ ግን ከጠበቅኩት በጣም ፈጥኖ ከሰመ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የሚያሳፍራቸውን ምስል የያዘ ካናቴራ ለብሰው ሌሎች ወዳሉበት ክፍል እንዲገቡ አደረጉ፤ የለበሱት በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ ምስሉን እንዳስተዋሉ ሲገምቱ፣ በእርግጥ ያስተዋሉት አንድ አራተኛ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከሩቅ ሰው አስተያየት ለመገላገል ይህን ማወቅ በቂ ነው፤ ሰው ሁሉ በራሱ ጉዳይ ተይዟል። ለቅርብ ሰዎች ግን ይህ አይሠራም፤ እነርሱ በእርግጥ ያዩናልና፣ እዚያ ሌላ ዓይነት ብርታት ያስፈልጋል።

ያን ብርታት ሳስብ የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርልስ ዳርዊን ወጣትነት ይታወሰኛል። አያቱም አባቱም ሐኪሞች ነበሩና እ.ኤ.አ. በ1825 ሕክምና እንዲማር ወደ ኤድንበራ ተላከ። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን በአንድ ሕፃን ላይ የተደረገውን ቀዶ ሕክምና አይቶ ሳይጨርስ ሸሸ፤ ትምህርቱንም ተወ። አባቱ ቀጥለው ቄስ እንዲሆን ብለው ወደ ካምብሪጅ ላኩት። እ.ኤ.አ. በ1831 በቢግል መርከብ ላይ በተፈጥሮ ተመራማሪነት እንዲጓዝ ጥሪ ሲመጣለት አባቱ ተቃወሙ፤ እርሱም ታዞ ጥሪውን እንደማይቀበል ጻፈ። ታሪኩ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን አባቱ አንድ በር ክፍት ትተው ነበር፤ አስተዋይ የሆነ ሰው ሂድ ብሎ የሚመክርህ ከሆነ እፈቅዳለሁ ብለውት ነበር። ዳርዊን ወደ አጎቱ ወደ ጆሳያ ዌጅዉድ ሄደ፤ የአባቱን ተቃውሞዎች በስምንት ነጥቦች ዘርዝሮ ጻፋቸው። ለወደፊቱ ቄስ ስም የማይመች ነው፣ ያልታሰበበት ዕቅድ ነው፣ ከእንግዲህ ተረጋግቶ አይኖርም፣ ሙያ መቀያየር ነው፣ ጥቅም የለውም የሚሉት ከእነዚህ መካከል ነበሩ። አጎቱ ለእያንዳንዱ ነጥብ በጽሑፍ መልስ ሰጡ። አባቱ ተቃውሟቸውን አነሱ፤ የጉዞውንም ወጪ ቻሉ። መርከቡ በታኅሣሥ 1831 ተነሥቶ በጥቅምት 1836 ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ወጣቱ በሩን ሰብሮ አልወጣም። የአባቱን ቃል በትክክል፣ ሳያጣምምና ሳያሳንስ በወረቀት ላይ አስቀመጠ፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ያከበራቸው ሰው ብቻ ነው። ከዚያም አሽ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሙከራ ያሳየው ነገር ሆነ፤ በቤተሰቡ አንድነት መካከል አንድ የተለየ ድምፅ ተሰማ። ልብ በሉ፣ አጎቱ «ልጁ ድንቅ ነው፣ ተዉት» አላሉም። የቀረበውን ተቃውሞ ራሱን መለሱ።

እንዲህ ያለ አጎት የሌለውስ? አሜሪካዊቷ የዘር ውርስ ተመራማሪ ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ዘር ላይ ባደረገችው ምርምር አንዳንድ የዘር ውርስ ክፍሎች ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዘዋወሩ አግኝታ እ.ኤ.አ. በ1951 በአንድ ታላቅ ጉባኤ ላይ ስታቀርብ የገጠማት ግራ መጋባትና ዝምታ ነበር። ከ1953 በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ ማሳተሙን በአብዛኛው አቆመች፤ ምርምሩን ግን አላቆመችም። እ.ኤ.አ. በ1983 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣት 81 ዓመቷ ነበር። ይህን ታሪክ የማነሳው በሽልማቱ ምክንያት አይደለም፤ በጽናታቸው ትክክል ሆነው ማንም ሳያውቅላቸው ያለፉ ሰዎች ብዙ ናቸውና፣ ሽልማቱን የጽናት ማረጋገጫ ማድረግ እነርሱን መበደል ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ በመካከል ያሉት ዓመታት ናቸው። ሰው ሁሉ እንዲያምናት አልለመነችም፤ ስላላመኗትም ያየችውን አላየሁም አላለችም። ራስን መሆን ሁልጊዜ ማወጅ አይጠይቅም። የቤተሰቡን ፊት ላለማጣት ለጊዜው ዝም ያለ፣ ነገር ግን በቀረችው ሰዓት የሚወደውን ነገር የሚሠራ ሰው ራሱን ክዷል ብዬ አልፈርድም፤ ዝምታው ከሥራው ጋር እስካለ ድረስ።

አጎት የሌለው ሰው ይህን ያደርጋል። እኛ ግን ለሌላው አጎት መሆን እንችላለን፤ አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በቅርቡ በሒሳብ ከክፍሉ የሚበልጥ አንድ ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት ይልቅ የማሽን ጥገና ለመሠልጠን እንደሚፈልግ ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሒሳብ እንዲያጠና እጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ያሰኘሁት የራሴን ፍላጎት ነው። ስለ ማሽን ሲያወራ እንጂ ማሽን ሲፈታ አላየሁትም ነበርና እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ አሳየኝ። ከዚያ አባቱ እኔን ሊያነጋግሩ መጡ፤ ልጃቸውን ያሳሳትኩት እኔ መስያቸው ነበር።

«መምህርት፣ ይህን ውጤት ያመጣው እጁን በግሪስ ሊያጠቁር ነው?» አሉኝ። ውጤቱ አይባክንም፤ የሚወደው ሥራ መለካትንና ማስላትን የሚጠይቅ ነው አልኳቸው። ገቢውስ ሲሉኝ ለዚህ ዋስትና ልሰጥዎ አልችልም፣ በዚህ ስጋትዎ ልክ ነዎት አልኳቸው። ሰው ምን ይለኛል ላሉትም ለጊዜው ይባላል፣ ይህን አልክድም፤ ልጅዎ ግን ከሰዉ ወሬ ይልቅ የእርስዎን ፊት ነው የሚፈራው አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ። አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም። ማሠልጠኛውን በዓይናቸው ሳያዩ፣ አሠልጣኞቹን ሳያነጋግሩ ምንም እንደማይሉ ነግረውኝ ከልጃቸው ጋር አብረው የሚሄዱበትን ቀን ቆረጡ። ልጁ ለአሠልጣኞቹ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች አሁን እየጻፈ ነው፤ የአባቱን ተቃውሞዎች በመጀመሪያዎቹ መስመሮች እንዲያሰፍር መክሬዋለሁ።